«ቅማሉስ የየትኛው አምላክ ነው?»

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ከ10 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆችን አስተምራለሁ። ሰሞኑን ኦሪት ዘጸአት ላይ ነን። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁትን ሰንጠረዥ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በአንድ በኩል አሥሩ መቅሠፍቶች አሉ። በሌላ በኩል በእያንዳንዱ መቅሠፍት የተመታው የግብፅ አምላክ ተጽፏል። ልጆቹ ወደዱት። አንዱ ግን እጁን አወጣና «ቅማሉ ለምን ለምድር አምላክ ተሰጠ? የቅማል አምላክ አላቸው እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ሌላ ሰንጠረዥ ብፈልግ ቅማሉን ለሌላ አምላክ ሰጥቶታል። ታላቅ ወንድሜ «ይሄ ሁሉ ውሃ የሚያቀላ ረቂቅ የውሃ ዕፅ፣ ቀይ አልጌ ነው፣ ልጆቹን አታሳስቺ» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ወንዙ ደም መሆኑን የግብፅ ጥንታዊ ጽሑፍ፣ ፓፒረስ ራሱ ይመሰክራል የሚል ቪዲዮ ላከችልኝ። እሑድ ልጁ እንደገና መጠየቁ አይቀርም። ምን ልበለው? ሰንጠረዡን ልቅደደው?

ሰንጠረዡ ያስጨነቃት

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽና ልጀምር።

በቅድሚያ ለዚያ ልጅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔም በወጣትነቴ ያንኑ ሰንጠረዥ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። የሚጠይቅ ልጅ ስላልነበረ ብቻ ሳላፍር አለፍኩ። ያንቺ ክፍል ይሻላል።

ሰንጠረዡን አትቅደጂው፣ ግን ከግድግዳው አውርጂው። ግማሹ እውነት አለው። ችግሩ የሠራው ሰው አሥሩንም ሣጥን ካልሞላሁ ብሎ መነሣቱ ነው። አምላክ ሲያጣ በግድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሰንጠረዦቹ ቅማል ላይ ሲደርሱ የማይስማሙት።

ሐሳቡ ራሱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዘጸአት 12፥12 እግዚአብሔር በግብፅ አማልክት ሁሉ ላይ እንደሚፈርድ ይናገራል። ዘኍልቍ 33፥4 ያንኑ ይደግማል። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ኩፋሌም በምዕራፍ 48 መቅሠፍቶቹን ከዘረዘረ በኋላ ጣዖቶቻቸው በእሳት እንደተቃጠሉ ይጨምራል። መጽሐፈ ጥበብን ደግሞ ምዕራፍ 11 ላይ ክፈቺው። ግብፃውያን አእምሮ የሌላቸውን እንስሳት ስላመለኩ አእምሮ የሌላቸው እንስሳት መጡባቸው ይላል፤ ሰው በበደለበት በዚያው ይቀጣል ነው ነገሩ። እንግዲህ መቅሠፍቱን ከአማልክቱ ጋር ማያያዝ የቴሌግራም ፈጠራ አይደለም። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የኖረ ንባብ ነው።

ነገር ግን ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱም «ይሄ ለዚህ፣ ያ ለዚያ» ብሎ አልደለደለም። ዘጸአት እንዲያውም «አሥር» ብሎ አይቆጥርም። አሥር መሆናቸውን በግልጽ የሚናገረው ኩፋሌ ነው። ዳዊት የምትደግሚ ከሆነ መዝሙር 77ን እይው (በሌላው አቆጣጠር 78 ነው)። ጨለማው የለም፣ ቅማሉም የለም። መዝሙር 104 (105) ደግሞ ከጨለማው ይጀምርና የከብቱን ቸነፈርና ቁስሉን ይዘላቸዋል። አንድ ለአንድ የተገጣጠመ ቁልፍ ቢኖር ኖሮ ዘማሪዎቹ እንዲህ እንደልባቸው ባልቀነሱና ባላቀያየሩ ነበር።

አሁን ወደ ቅማሉ።

ሄሮዶቱስ የሚባለው ግሪካዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ስለ ግብፅ ካህናት የጻፈው ነገር አለ። በየሁለት ቀኑ መላ ሰውነታቸውን ይላጫሉ ይላል። ለምን? አማልክቱን ሲያገለግሉ ቅማል ወይም ሌላ ርኩስ ነገር እንዳይገኝባቸው። በቀን ሁለቴ፣ በሌሊት ሁለቴ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ። የሚለብሱትም ከተልባ እግር የተሠራ በፍታ ብቻ ነው። ሄሮዶቱስ ከሙሴ ዘመን ብዙ መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው። ሆኖም ከእሱ በፊት በነበሩት የመቃብር ሥዕሎችም ላይ ካህናቱን የምታያቸው ራሳቸውን ተላጭተው ነው።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ በይው፦ የቅማል አምላክ የላቸውም። ቅማል የሚጠሉ ካህናት ግን ነበሯቸው። የምድሩ ትቢያ ሁሉ ቅማል ከሆነ ንጹሕ የሚባል ሰው አይኖርም። ንጹሕ ካህን ከሌለ ደግሞ ጣዖቱ ፊት የሚቆም፣ የሚያጥን፣ መሥዋዕት የሚያቀርብ የለም። እኔ እንደሚገባኝ የተመታው አንድ አምላክ ሳይሆን ቤተ መቅደሱ በሙሉ ነው። ጠንቋዮቹ እጅ የሰጡትስ የት ላይ ነው? እዚሁ ቅማሉ ላይ! «ይህስ የእግዚአብሔር ጣት ነው» ያሉት ይህን ጊዜ ነው። ጠንቋይ ስንል ደግሞ የመንደር ጠንቋይ እንዳይመስልሽ። የዕብራይስጡ ቃል ከግብፅ ቋንቋ የተወሰደ የማዕረግ ስም ነው። ጥቅልል መጽሐፍ ይዘው የሚደግሙ የቤተ መቅደስ ሊቃውንት ናቸው። ከእኛ ደብተራ ጋር ሳይቀራረቡ አይቀሩም። እነዚህ ሰዎች ሰውነታቸውን ሲያክኩ ይታይሽ።

ለእንቁራሪቱ ግን አምላክ መፈለግ አያስፈልግም፣ በደንብ የታወቀች አለች። ሄቄት ትባላለች። ራሷ የእንቁራሪት ነው፣ የወሊድ ጠባቂ ናት። ነፍሰ ጡር ሴቶች የእንቁራሪት ቅርጽ ያለው ክታብ ያስሩ ነበር። የናይል ውሃ በሸሸ ቁጥር ጭቃው በእንቁራሪት ስለሚሞላ እንቁራሪት ለእነሱ የመራባት ምልክት ነበረች። በሥዕል ጽሕፈታቸው መቶ ሺህ የሚለውን ቁጥር የሚጽፉት ጭራ ባላት ግልገል እንቁራሪት ነው። አሁን ወደ ዘጸአት 1 ተመለሺ። ፈርዖን አዋላጆቹን ጠርቶ ወንዶቹን ግደሉ አለ። እነሱ እምቢ ሲሉ ሕፃናቱ ወንዙ ውስጥ እንዲጣሉ አዘዘ። ከዚያ ምን ሆነ? ወንዙ ደም ሆነ። ቀጥሎ የወሊድ እንስሳ ከዚያው ወንዝ እየዘለለች ወጣች፤ አልጋው ላይ፣ ምድጃው ውስጥ፣ ቡሃቃው ውስጥ። ሊጥ ልታቦኪ ስትይ እንቁራሪት! መጨረሻ ላይ ክምር ክምር ሆነው አገሩ ገማ። ልጆችሽ ይህን አይረሱትም። አንድ ነገር ግን አስቂባቸው፦ ጠንቋዮቹም ብልሃታቸውን ሊያሳዩ ተጨማሪ እንቁራሪት አመጡ። ማጥፋት እንጂ ማብዛት ማን ጠየቃቸው?

የከብቱ ቸነፈርም ግልጽ ነው። በሜምፊስ አፒስ የሚባል ሕያው ኮርማ እንደ አምላክ ይኖር ነበር፣ ሲሞት እንደ ንጉሥ ይቀበራል። ፈረንሳዊው ማሪየት በ1851 (እ.ኤ.አ.) ሳቃራ ላይ ከአሸዋ ሥር የእነዚህን ኮርማዎች መቃብር አግኝቷል፤ ሣጥኖቻቸው ትልልቅ የድንጋይ ሥራዎች ናቸው። ለቁስሉ ደግሞ ሴክመት አለች፣ የአንበሳ ራስ ያላት። በሽታን የምትልክም የምትመልስም እሷ ናት ብለው ያምኑ ስለነበር ካህናቶቿ ሐኪሞችም ነበሩ። ሦስተኛው አሜንሆቴፕ የሚባለው ፈርዖን ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር የእሷን ሐውልት አሠርቷል።

ዝንቡ፣ በረዶውና አንበጣው ላይ አትድከሚ። ሰንጠረዡ ለዝንቡ ኼፕሪን ይሰጥሻል፤ ኼፕሪ ጥንዚዛ ነው። ጥንዚዛ ዝንብ ነው ብትያቸው ያ ልጅ አይለቅሽም። እንዲያውም ግብፃውያን ዝንብን ለጀግንነት ምልክት አድርገውታል፤ በንግሥት አሆቴፕ መቃብር የወርቅ ዝንቦች ያሉበት የአንገት ጌጥ ተገኝቷል። ቢያባርሩት ስለማይሄድ ይሆናል።

አሁን ሰንጠረዡ የማይነግርሽን ልንገርሽ። የግብፅን ሃይማኖት ለመረዳት ከአማልክቱ ስም ዝርዝር ይልቅ አንድ ቃል ይበቃል፦ ማአት። ከእኛው መዓት ጋር እንዳይምታታብሽ፣ ፍችው የተገላቢጦሽ ነው። ማአት ማለት ሥርዓት፣ እውነት፣ ፍትሕ፣ ነገር ሁሉ በቦታው መሆኑ ነው። ወንዙ በወቅቱ ሲሞላ ማአት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ማአት ነው። ዳኛ በትክክል ሲፈርድ ማአት ነው። በላባ የምትመሰል ሴት አምላክም አድርገዋታል። ይህን ሥርዓት የመጠበቅ ኃላፊነት የማን ነው? የፈርዖን። በቤተ መቅደስ ግድግዳዎች ላይ ንጉሡ ትንሿን የማአት ምስል በመዳፉ ይዞ ለአማልክቱ ሲያቀርብ ታይዋለሽ። ሥራዬን ሠርቻለሁ ማለቱ ነው።

መቅሠፍቶቹን በዚህ ዓይን አንብቢያቸው። ውሃው ሕይወት መስጠት ትቶ ይገድላል። ትቢያው ይነሣና ይነክሳል። ቀን ሌሊት ይሆናል። ነገር ሁሉ ከቦታው ይፈናቀላል፤ ያን ሁሉ መጠበቅ ሥራው የሆነ ሰው ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ማስቆም አይችልም። ዘጸአት 5 ላይ «እግዚአብሔር ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው እሱ ነበር። እኔን ብትጠይቂኝ ክርክሩ ከአሥር ጣዖታት ጋር ሳይሆን ከአንድ ዙፋን ጋር ነው።

ጨለማውን እንይ። ለግብፃዊ ፀሐይ መውጣቷ እንዲያው የሚሆን ነገር አልነበረም። ራ የሚባለው የፀሐይ አምላክ በየምሽቱ ጀልባው ላይ ሆኖ ወደ ሙታን ዓለም ይገባል። አሥራ ሁለቱን የሌሊት ሰዓታት ሲጓዝ አፔፕ የሚባል ግዙፍ እባብ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ራ ካሸነፈ ይነጋል። ካህናቱም ዝም ብለው አይተኙም። ከሰም የእባቡን ምስል ይሠራሉ። ይተፉበታል፣ በግራ እግራቸው ይረግጡታል፣ በቢላ ይወጉታል፣ እሳት ውስጥ ይጥሉታል። ይህን የሚያዝዘው ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ፣ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። እንግዲህ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሰው የሚዳስሰው ጨለማ! ለእኛ የመብራት መቋረጥ ይመስለናል፣ ሻማ ፈልገን እንቀመጣለን። ለእነሱ እባቡ አሸነፈ ማለት ነው። ፈርዖን ራሱ ከማዕረጉ አንዱ «የራ ልጅ» ነበር። አባቱ አልነጋለትም።

ሌላው የፈርዖን ልብ ነው። በአማርኛው ልቡ «ደነደነ» ወይም «ጸና» እያልን እናነባለን። ዕብራይስጡ ግን ከአንድ በላይ ግስ ነው የሚጠቀመው፤ አንዱ «ካቬድ» ነው። ትርጉሙ? ከባድ። አዎ፣ የእኛው «ከባድ»፣ ሥሩ አንድ ነው። ዘጸአት 7፥14 በቀጥታ ሲነበብ የፈርዖን ልብ ከባድ ነው ይላል። ግብፃዊ ይህን ቢሰማ ምን ትዝ ይለዋል መሰለሽ? ሬሳ ሲያደርቁ አንጎሉን አውጥተው ይጥሉታል፣ ልቡን ግን እዚያው ይተውታል፤ ለፍርድ ይፈለጋልና። ሟቹ ሚዛን ፊት ይቀርባል። በአንደኛው ወጭት ልቡ፣ በሌላው የማአት ላባ። የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ ሚዛኑን ያስተካክላል። የጽሕፈት አምላኩ ቶት ብዕሩን ይዞ ይጽፋል። ጎን ላይ አሚት ተቀምጣለች፤ ራሷ አዞ፣ ደረቷ አንበሳ፣ ኋላዋ ጉማሬ። ልቡ ከላባው ከከበደ ትውጠዋለች፣ በቃ፣ ሁለተኛ ሕይወት የለም። «ልቤ ሆይ፣ አትመስክርብኝ» የሚል ድግምት በድንጋይ ጥንዚዛ ላይ ቀርጸው የሟቹ ደረት ላይ ያኖሩ ነበር።

ኦሪቱ ይህን ሚዛን አስቦ ነው ወይስ ተራ የዕብራይስጥ አነጋገር ነው በሚለው ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። እኔ አስቦ ነው ባይ ነኝ። በቀይ ባሕሩ ጊዜ «በፈርዖን ላይ ክብር አገኛለሁ» የሚለው ቃልም በዕብራይስጥ ከዚያው ከ«ካቬድ» ሥር የወጣ ነው፤ ጸሐፊው በቃሉ እየተጫወተ መሆኑ አያጠራጥርም። የግብፅን ልማድ ማወቁ በሌላም ይታያል። «በጸናች እጅና በተዘረጋች ክንድ» የሚለውን ታውቂዋለሽ። ክንዱን አንሥቶ ጠላቱን ሊመታ የተዘጋጀ ንጉሥ ከጥንታዊው ፈርዖን ከናርመር ጀምሮ፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3100 ገደማ አንሥቶ፣ በግብፅ የተለመደ የፈርዖን ሥዕል ነው። ኦሪት ያንን ክንድ ከፈርዖን ወስዶ ለእግዚአብሔር ሰጠው።

ወንድምሽንም አትጣዪው። ግሬታ ሆርት የምትባል ምሁር በ1957 እና 1958 (እ.ኤ.አ.) እሱ የሚለውን በሚመስል መንገድ ጽፋለች። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ቀይ አፈርና ረቂቅ ሕዋሳት ከከባድ ሙላት ጋር ተደምረው ውሃውን አቀሉት፣ ዓሣው ሞተ፣ እንቁራሪቱ ሸሸ፣ በሽታው ተከተለ ትላለች። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የምንለው ግንዱን ብቻ ነው፤ አፈራችንንም ይዞ ነበር የሚሄደው። የግብፅን እርሻ ሺህ ዓመታት የመገበው የእኛ ክረምት ነው። ግን ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂው። ሙላቱ በየዓመቱ እየደፈረሰና እየቀላ ይመጣ ነበር። ግብፃውያን ሃፒ ብለው፣ ጡትና ቦርጭ ያለው የጥጋብ አምላክ አድርገው ሲዘምሩለት ኖረዋል። ቀይ ውሃ ለእነሱ እንጀራ ነው። ታዲያ ምን አስደነገጣቸው? ያ የእንጀራ ውሃ መግደሉ፣ በወንዙ ዳር ጉድጓድ እስኪቆፍሩ መድረሳቸው። አልጌው እንዴት ሆነ ለሚለው መልስ ሊሆን ይችላል። ለግብፃዊው ምን ማለት ነበር ለሚለው ግን አይደለም።

የጓደኛሽን ቪዲዮ ክፍል ውስጥ አታሳዪ። ፓፒረሱ የኢፑወር ይባላል፣ ሆላንድ ላይደን ነው ያለው። «ወንዙ ደም ነው» የሚል ቃል በእርግጥ አለበት። ግን ጽሑፉ አገር ተገለባበጠ፣ ድሃው ሀብታም ሆነ፣ ባዕዳን ገቡ እያለ የሚያለቅስ የሙሾ ግጥም ነው። የተረፈው ግልባጭ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ13ኛው መቶ ዘመን ሲሆን ግጥሙ ራሱ ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት የሚቀድም ነው። ለሌላ ነገር ግን ይጠቅምሻል፤ ግብፃዊ ባለቅኔ ማአት ፈረሰ ለማለት ሲፈልግ ወንዙን ደም አድርጎ እንደሚሥል ያሳይሻል።

የበኩሩ ሞት ላይ ስትደርሺ ረጋ በይ። ፍሬ ነገሩ ዘጸአት 4፥22 ላይ ቀድሞ ተነግሯል፦ እስራኤል የበኩር ልጄ ነው፣ ካልለቀቅኸው ያንተን በኩር። ወራሹ ደግሞ ነገ የሚነግሠው ሆረስ ነው፤ ሆረስ ግብፃውያን በነገሠው ፈርዖን ላይ ያድራል የሚሉት አምላክ ነው። ይሁንና ጽሑፉ በወፍጮ ሥር ያለችውን ባሪያ ልጅም ይጨምራል፣ እሷ ምን አጠፋች ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ይመጣል። አታፍኚው፣ ቸኩለሽም መልስ አትፈብርኪለት። ብዙ አይሁድ በፋሲካ ማዕድ መቅሠፍቶቹን ሲቆጥሩ ለእያንዳንዱ ከጽዋቸው ጠብታ ወይን ያፈስሳሉ። ሌሎች እየተሠቃዩ ደስታችን ሙሉ አይሁን ማለት ነው ብለው ይፈቱታል። ይህን ብትነግሪያቸው ይበቃል።

ለእሑድ እንግዲህ ወንዙን፣ እንቁራሪቱን፣ ቅማሉን፣ ጨለማውንና በኩሩን ያዢ። ሌላውን ከዘጸአት ራሱ እየተፈራረቁ ያንብቡት። የዶሮ ላባና ጠጠር ይዘሽ ግቢ። ልጆቹ የፈርዖንን ልብ በየተራ ይመዝኑ፣ አንዱ ቶት ሆኖ ይጻፍ። አሚት መሆን የሚፈልግ ሞልቷል፣ ለእሱ አታስቢ። ቅማሉን የጠየቀሽን ልጅ ግን የተላጨው ካህን አድርጊውና ቤተ መቅደስ በር ላይ አቁሚው። ሚዛን ካጣሽ ደግሞ ከሰፈርሽ ሽንኩርት ነጋዴ ተዋሺ፤ እሑድ ጠዋት ገበያ ሳይደምቅ ብትመልሺላት ቅር አይላትም።